ዲማ ላይ ያደረ ጥያቄ

ከደብረ ማርቆስ ስንነሣ ዲማ ማደር በሐሳባችን አልነበረም። በቢቸና በኩል ለማስተማር ልምምድ የተመደቡ ዕጩ መምህራንን አይተን ልንመለስ ነበር። የግንቦት ዝናብ መረሬውን አቡክቶ ሚኒባሱን እስከ ጎማው አጋማሽ ዋጠው። ገበሬዎቹ ድንጋይና የባሕር ዛፍ እንጨት ጎዘጎዙልን፤ ስንገፋ መሸ። ጫማችንን አንጠልጥለን ዲማ ገባን። ያሳደሩን እናት «ልጆቼ፣ በዚህ ጭቃ ምን አወጣችሁ?» እያሉ እግራችንን አጠቡን።

አብረውን ከነበሩት ዕጩዎች አንዷ እራቷን አልነካችም። ጠዋት 7ኛ ክፍል ስታስተምር «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» ያለውን ልጅ አረመችው። ልጁ «ለምን?» አላት። «ሕጉ ነው» ብላ ሰሌዳውን አጠፋች። ሕጉንማ ታውቀዋለች፤ በፈተና ብትጠየቅ አትስተውም። ለልጅ ማስረዳት ግን ሌላ ዕውቀት ነው፤ እሱን በበቂ አንሰጣቸውም።

ዲማን ብዙ አንባቢ በ1958 ከታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያውቃታል። ለእኔ ግን ዲማ የቅኔ አገር ናት። ባደርንበት ቤት የተጠጋ አንድ የቅኔ ተማሪ ነበር። ከ«ቀተለ» እስከ «ጦመረ» ስምንቱን የግስ አርእስት በቀዳማይ፣ በካልዓይ፣ በሣልሳይና በትእዛዝ አርብቷል። ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና ይዞ ሲቀርብ እንኳ የኔታ «ባለቤቱ ማን ነው? ማሰሪያው የታለ? ይህንን የሚስበው ማን ነው?» ይሉታል። ለአንዷ ቃል መልስ ካጣ ቅኔው ይወድቃል። ለመምህር ከዚህ የተሻለ ሥልጠና አላየሁም።

ልጅቷ ችግሯን ነገረችው። ጥቂት አሰበና «እህቴ፣ እንግሊዝኛውን አላውቀውም። ልጁ በአማርኛ ቢለው ያስነቅፈዋል?» አላት።

«ትናንት አይቼዋለሁ» አለች፤ ደገመችው። አያስነቅፍም! የአማርኛው «አለሁ» ድርጊቱን ከአሁን ጋር ቢያስረውም ትናንትን አይገፋም፤ የእንግሊዝኛው «ሃቭ» ግን ይገፋል። ልጁ የተናገረው በገዛ ቋንቋው ሰዋስው ነው፤ ስሕተቱ ሥር አለው። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ልጆቻችን በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻቸው ይማራሉ፤ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይይዛሉ፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል። «ለምን?» ያለው ልጅ መልስ ካላገኘ ጥያቄው እስከዚያ ይከተለዋል። ስለዚህ በዕጩ መምህራን የእንግሊዝኛ ሰዋስው ኮርስ ውስጥ የአማርኛው ግስ ከጎኑ ይቀመጥ እላለሁ፤ እንደ ማሟያ ሳይሆን እንደ ግማሹ ትምህርት።

ሚኒባሱ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ወጣ። እሷ ወደ ሌላ ክፍል መዛወር አልፈለገችም፤ እዚያው 7ኛ ክፍል ተመልሳ አማርኛውን ከላይ፣ እንግሊዝኛውን ከታች ጻፈችና የሁለቱን ልዩነት አስረዳች። ያው ልጅ እጁን አወጣ፦ «ዛሬ ከሆነስ?» ዛሬ ገና ስላላለቀ ይሆናል አለችው። ከኋላ ያለች ልጅ ቀጠለች፦ «ዛሬ ጠዋት ብለን አሁን ከሰዓት ቢሆንስ?» በዚህ ላይ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ደወል እስኪደወል ተከራከረ።