ጎማ ይመሰገናል፣ ፍሬን ይሠራል

ደቡብ ጎንደር ላይ ሜዳ የተባለው ሁሉ ለፎገራ ተሰጥቶ አልቋል። ሩዙም ከብቱም ውሃውም እዚያው ተንጣሎ ቀረ። ለፋርጣ፣ ለጋይንት፣ ለስማዳ የደረሰን ትራፊው ነው፤ እሱም ዳገትና ቁልቁለት። ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተኝታለች፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ላይ ወጥታ ተቀምጣለች፤ ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ሆኖ ሁለቱንም ቁልቁል ያያቸዋል። መንገድ የጠየቃችሁት ሰው ኪሎ ሜትር አይቆጥርላችሁም፤ «ዳገቱን ስትጨርሱ» ይላችኋል። «ቁልቁለቱን ስትጨርሱ» ያለ ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም። ቁልቁለት በእኛ ዘንድ ከመንገድ አይቆጠርም፤ ምርቃት ነው።

መኪናም የሚመዘነው በዚሁ ሚዛን ነው። «ይጎትታል»፣ «ዳገት አይፈራም»፣ «ጭቃ አያውቅም» ይባልለታል። «ይህ መኪና ሲቆም ብታዩት!» ተብሎ የተወደሰ መኪና ካለ ንገሩኝ። ደላላው ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ያስነሳላችኋል፣ ጎማውን በእርግጫ ይመታላችኋል፣ ቴፑን ይከፍትላችኋል። «ፍሬኑስ?» ስትሉት «እሷ ምን አላት፣ ሸራ ማስቀየር ነው» ብሎ ወደ ቴፑ ይመለሳል።

ይህን ነገር እንዳስብ ያደረገኝ የባለቤቴ ወንድም ሀርድቶፕ ነው። ሀርድቶፕ የምንለው ላንድክሩዘር 70ን ነው፤ ቶዮታ በ1984 እ.ኤ.አ. አውጥቶት እስከ ዛሬ መልኩን ብዙም ሳይቀይር ይሠራዋል። ክትባት፣ እህል ወይም ሙሽራ ጭኖ ያልገባበት ወረዳ ያለ አይመስለኝም። አማቼ ከጉና ግርጌ ድንች ወደ ወረታ ያወርድበታል፤ በሰርግ ወራት ሚዜ ያመላልስበታል። አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ መኪናው አድጎ መጣ። ባለ 7.50 በ16 ጎማው ወልቆ ባለ 35 ኢንች ገብቷል፤ አዲሱ ጎማ ፓራፋንጎውን እንዳይፈጨውም ባሌስትራው ከፍ ተደርጓል።

ደብረ ታቦር በክብር ተቀበለችው። ባጃጆች ጥግ ያዙ። ልጆች ከጎማው ጎን እየቆሙ ቁመታቸውን ተለካኩ። ሻይ ቤት በር ላይ የተቀመጡት ወንዶች ተነሥተው መኪናውን ዞሩት፤ አንዱ ጎማውን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገው፤ ከዚያ ሁሉም በየተራ ቸብ ቸብ አደረጉት። ጎንበስ ብሎ ከሥር ያየ የለም። የተለየ ጥያቄ የመጣው ከእናቱ ብቻ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ደብረ ታቦር ኢየሱስን ሊሳለሙ እስከ መኪናው በር ሄዱና ሽቅብ አንጋጠው፣ «ልጄ፣ መሰላሉስ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ በርጩማ ከክሪኩ ጎን የመኪናው ዕቃ ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ አጭር ነው። የፋብሪካው ጎማ ዲያሜትር 32 ኢንች ግድም ነው። ወደ 35 ሲያድግ አንድ አስረኛ ያህል ጨመረ ማለት ነው። የፍጥነት ቆጣሪው ግን ይህን አልሰማም፤ እሱ የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው። 60 ብሎ ሲያሳይ መኪናው 66 እየሄደ ነው። ፍጥነት በአንድ አስረኛ ሲጨምር ፍሬን የሚያበርደው ጉልበት በአንድ አምስተኛ ያድጋል። ጎማው ሲረዝም የፍሬኑም ጡንቻ መሬት ላይ ሲደርስ በአንድ አስረኛ ያህል ይደክማል። ቁልቁለት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ይይዝ የነበረው ሞተርም በዚያው ልክ ይለግማል። በዚህ ላይ የጎማው የራሱ ክብደት አለ፤ አንዴ መሽከርከር ከጀመረ እሱንም ማስቆም ግድ ነው። «አራቱም ጎማ ይጎትታል እኮ» የሚል አይጠፋም። ይጎትታል፤ ግን ያ ለመነሳት ነው። ለመቆም ቪትዝም አራቱን ጎማ ነው የሚይዘው።

ይህ ሒሳብ በተግባር የታየው ድንች ተጭኖ፣ እናት ጋቢና ተቀምጠው፣ እኔና ረዳቱ ከኋላ ከጆንያው ጋር ሆነን ወደ አለም በር ስንወርድ ነው።

«የምን ሽታ ነው?» አሉ እናት።

«ፍሬኑ ነው፣ እማ። ሲያዝ ይሸታል።»

«ታዲያ አትያዘዋ!»

ልጃቸው እናቱን የሚያከብር ቢሆንም ይህችን ትእዛዝ ሊፈጽም አልፈለገም። ሆኖም ትእዛዙ በራሱ ጊዜ እየተፈጸመ ሄደ። ፔዳሉ ቀስ በቀስ ወደ ታች ሰመጠ። አማቼ ደጋግሞ ረገጠ፣ ማርሽ ቀነሰ፣ እንደገና ቀነሰ፤ ሞተሩ እያጓራ መኪናው ወደ ዳር ተጠጋ። ረዳቱ መኪናው ሳይቆም ዘሎ ወርዶ ታኮውን ከጎማው ሥር ወሸቀ። ታኮ በቁልቁለት ከማይግሉት የፍሬን ዓይነቶች አንዱና ዋነኛው ነው፤ ችግሩ ከመኪናው ቀድሞ የሚወርድለት ሰው መፈለጉ ነው። እናት ኢየሱስን አመሰገኑ፣ ልጃቸውን ተቆጡ፣ በርጩማው እንዲቀርብላቸው አዘዙ።

ቆመን ስናበርድ ምክር በገፍ መጣ። አላፊው ሁሉ መካኒክ ነው። አንዱ «ውሃ ድፉበት» አለ። ውሃ በጋለ ታምቡር ላይ ከተደፋ ታምቡሩ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ደግሞም ምን ያህል ውሃ ይበቃል? ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ 900 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ አፍልቶ ይተርፈዋል። ከዚያ ላይ ነፋሱም፣ አስፋልቱም፣ ሞተሩም ድርሻቸውን ያነሳሉ፤ የተረፈው እሳት ግን ማረፊያው ሸራና ብረት ነው። እናት ይህን ሲሰሙ፣ «ለቡሄ ጠላ እንጨት ከምገዛ እንዲህ ስትመላለስ ብትውል ምን ነበር» አሉት።

በማግስቱ መኪናው አንድ አንጋፋ መካኒክ ዘንድ ቀረበ። ከተማው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፤ እጃቸው ላይ ያለው ግራሶ ከብዙዎቻችን ዕድሜ ይበልጣል።

«ጋሼ፣ አንቱ እንዴት ያዩታል?» አላቸው አማቼ።

«እኔማ ጎማውን ነው የማየው፤ ሌላው የት አለ?» አሉና ከሥር ገቡ።

የኋላውን ታምቡር አውልቀው ሸራውን አሳዩን። እንደ ደንቡ ሻካራ መሆን ሲገባው ግሎ ግሎ አብረቅርቋል፤ ጥፍራቸውን ሲያንሸራትቱበት ምንም አልያዘም። «ይህ ሸራ ጎማ ሊያቆም ነው?» አሉ። ታምቡር ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይሸሻል፤ ሸራውም ሲግል መያዙን ይተዋል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲኮራረፉ ሾፌሩ ብቻውን ይቀራል።

ቀጥለው የፍሬን ዘይቱን ክዳን ከፈቱ። ጠቁሯል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየጠጣ ነው የሚያረጀው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን በ140 ሊንተከተክ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ሲረገጥ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። አለም በር ላይ የሰመጠው ፔዳል ምስጢሩ ይኸው ነበር።

ሦስተኛው ግኝት ግን ጋሼን ራሳቸውን ያሳቀ ነው። ከኋላ አክሲሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ። ሥራው መኪናው ጭነት ሲይዝ ዝቅ ማለቱን እያየ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት መልቀቅ ነው፤ ባዶ ሲሆን ይቀንሳል፣ የኋላ ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት። ባሌስትራው ከፍ ሲደረግ ዘንጉን ያስተካከለለት የለም። ስለዚህ ያ ሁሉ ድንች ተጭኖ፣ እናት ጋቢና ተቀምጠው፣ ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ የኋላውን ፍሬን በቁጠባ ሲያድል ኖሯል። እናት ይህን በኋላ ሲሰሙ ቅር ተሰኙ። «እኔም ባዶ ነኝ ማለት ነው?»

አራተኛው የማንም ጥፋት አይደለም፤ የከፍታው ነው። እግር ረገጠ ስንል ብዙውን ግፊት የሚያግዘን ሰርቮው ነው። ሰርቮው በአንድ ጎኑ አየሩ ይመጠጥለታል፣ በሌላው ጎን የውጭው አየር ይገፋለታል። ደብረ ታቦር ላይ ግን የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው፤ ወደ ጉና በወጡ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። የጃፓኑ መሐንዲስ የሰጠንን እገዛ ሙሉውን አናገኘውም፤ ጎዶሎውን የሾፌሩ ባት ይሞላዋል።

ስለ መውረድ አለመጨነቃችን የዛሬ አይደለም። ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ያለችው ጋፋት ምስክር ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚስዮናዊውን ዋልድማየርንና ጓደኞቹን ይዘው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነው። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ መንገድ አስጠርገውለታል። ስለመቅለጡና ስለመጎተቱ ያልተባለ የለም፤ አምሳያውም አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሞለታል። ግን ያ ብረት ጅዳንና በሽሎን ወጥቷቸው ብቻ አልቀረም፤ አስቀድሞ ወርዷቸዋል። በሰረገላ ላይ ያለ 70 ኩንታል ገደሉን ሲወርድ ከኋላ ሆኖ የያዘው ከሰው ክንድና ከጠፍር ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ከፊት የጎተተው ወታደር ሲወሳ ይኖራል፤ ከኋላ የያዘው አንድም ሐውልት የለውም። ሙያው ፍሬን ነበራ!

ጋሼ የሚያስፈልገውን ጻፉ። ፊት፦ ወፍራም፣ በመሀሉ አየር የሚያልፍበት ዲስክና ተለቅ ያለ ካሊፐር፤ መኪና ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚደፋ ትልቁ ሥራ የፊቱ ነው። ካሊፐሩ ካደገ ብዙ ዘይት ይፈልጋልና ማስተር ሲሊንደሩም አብሮ እንዲያድግ። ኋላ፦ ታምቡሩ ቶርኖ ቤት ተስተካክሎ አዲስ ሸራ። የፍሬን ዘይቱ ቱቦዎች በባሌስትራው ልክ ረዘም እንዲሉ። ዘይቱ ዶት 4። ቫልቩም ስለ ድንቹ እንዲነገረው። አየሩን ብቻ ዘለሉት፤ እሱ ቶርኖ አይገባም።

አማቼ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወዳለ መለዋወጫ ሻጭ ደወለ። ንግግሩን በድምፅ ማጉያ ሰማነው።

«ኦርጅናል ነው?»

«ኦርጅናል ነው።»

«የጃፓን?»

«ኦርጅናል ታይዋን።»

ዕቃው በአውቶቡስ መጥቶ ሲከፈት የዋጋው ወረቀት ቀድሞ ወጣ። አማቼ ዝም አለ። ለጎማው ከዚህ በላይ ሲያወጣ ግን እየሳቀ ነበር። ጎማውንማ ሰው ያየዋል። ካሊፐር ከቸርኬው ጀርባ ተደብቆ ነው የሚኖረው፤ የከፈልክበትን ነገር ለማሳየት እንግዳውን ጭቃ ላይ በጀርባው ማስተኛት ሊኖርብህ ነው።

ገጠማው አልቆ ከቱቦው አየር የሚወጣበት ሰዓት ደረሰ። ጋሼ ከሥር ተኝተዋል፤ ከካሊፐሩ ጫፍ የወጣችው ቀጭን ላስቲክ ዘይት ወዳለባት የሃይላንድ ጠርሙስ ገብታለች። አማቼ ፔዳሉ ላይ ነው።

«ርገጥ! ያዝ! ያዝ አልኩህ! ልቀቅ!»

በየርግጫው ላስቲኳ ውስጥ ቅንጣት አረፋ ሽር እያለች ትወጣለች። አረፋዎቹ እየሳሱ ሄደው ቀጥ ያለ ዘይት ብቻ ሲፈስ ጋሼ ብሎኑን አጠበቁ። ግቢው በር ላይ የቆሙት እናት «ያዝ! ልቀቅ!» ሲባል ሰምተው ጠብ መስሏቸው ገላጋይ ሊጠሩ ትንሽ ቀርቷቸው ነበር።

ቀሪው ሸራውን ማለማመድ ነው። አዲስ ሸራ ከአዲስ ዲስክ ጋር እስኪግባባ መለስተኛ ፍጥነት ይዞ መያዝ፣ መልቀቅ፣ እንዲበርድ መሄድ፣ እንደገና መያዝ ያስፈልገዋል። አማቼ ለዚህ የመረጠው በጋፋት በኩል ያለውን መንገድ ነው። ያልታሰበበት ነገር ቢኖር መኪና በቀዘቀዘ ቁጥር የአገሬው ሰው ለእሱ የቆመለት መስሎት መሳፈሩ ነው። ቀዝቀዝ ሲል አንዲት ሴት ከነዶሯቸው ተሰቀሉ። ቀጥሎ አንድ ቄስ ከነጥላቸው። ከዚያ ደብተር የያዙ ተማሪዎች። «አልቆምኩም እኮ፣ ፍሬን እያለማመድኩ ነው» ቢል ማን ይሰማዋል? «ይልመድ፣ እኛም እንለምደዋለን» አሉ ቄሱ፤ ተመቻችተው ተቀመጡ። ሙከራው ሲያልቅ መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ ነበር፤ ጋሼ ያላሰቡት ፍተሻ በነጻ ተሠራ።

ተሠርቶም ውጤቱ ታየ። ገበያ መግቢያው ላይ አንድ አህያ ጭድ ተጭና አስፋልቱን በሰያፍ ስታቋርጥ አማቼ ረገጠ፤ ሀርድቶፑ ሳይወዛወዝ፣ ሳይሸት፣ ቀጥ አለ። አህያዋ ዞር ብላ እንኳን አላየችውም። ዶሮዋ ጮኸች። ተሳፋሪው አንድ አፍታ ጸጥ ካለ በኋላ ውዳሴው ፈሰሰ። አማቼም ትከሻውን ነፋ፤ ያ ሁሉ ካሊፐር፣ ያ ሁሉ ዶት 4 በመጨረሻ ስሙ ሊጠራለት ነው።

ቄሱ በርጩማውን ጠይቀው ወረዱና ትልቁን ጎማ በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አደረጉት።

«ይኸ ነው ጎማ!» አሉ። «አየህ፣ ትልቅ ስለሆነ እኮ ነው ቀጥ የሚለው።»

ከዚያ ወዲህ በከተማው ሁለት ሀርድቶፖች ባለ 35 ኢንች አስገብተዋል። ለምን ሲባሉ «ለደህንነት» ይላሉ።