የጣርማ በር የባሕር ዳርቻ

ዱባይን አንድ ጊዜ ረግጦ መመለስ ዓለምን መዞር አይደለም የሚሉ ሰዎች አሉ። ምቀኞች ናቸው። ቦሌን ጨምሮ ሁለት ኤርፖርት ያየ፣ በዚያ ላይ በረራው ዘግይቶበት ብረት ወንበር ላይ ያደረ ሰው ከዚህ ወዲያ ምን ይዙር? ሞምባሳንና ዛንዚባርን የደረበማ ማርኮ ፖሎን ቢያገኘው፣ «አንተ ደግሞ የት የት ደረስክ?» ብሎ ቢጠይቀው ድፍረት አይባልም።

የዚህ ዙረት ዘውዱ የመጨረሻዋ ቀን ናት። ሥርዓቷን ሁላችንም ከስልካችን አጥንተናታል። ሁለት እግር ወደ ባሕሩ ይዘረጋል። ከእግሩ አጠገብ ገለባ የተሰካበት ብርጭቆ ይቆማል፤ ለአራት ሰው የታዘዘው አንድ ስለሆነ ከየሰዉ እግር ሥር ተራ በተራ ይዞራል። ከሥሩ «ዘና ያለ የመጨረሻ ቀን» ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለት ልብ ይጨመርበታል። ፊት ግን አይታይም። ፊት ከታየ ነገር ይበላሻል።

ለምን እንደሚበላሽ ልንገራችሁ። ሻንጣ ከ23 ኪሎ እንዳያልፍ የሚል ደንብ አለ። ያቺን ዘና ያለች ቀን የሠራት ይህ ቁጥር ነው። የእግሩ ባለቤት ዱባይ ዴይራ ሰፈር ካለ የሆቴል ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ሻንጣ ሲያነሳና ሲጥል አድሯል። ሻንጣው በእጅ ሚዛን ተንጠልጥሎ 27 ይላል። ሻምፑው ይወጣል፤ 26። የአክስት ጁስ መፍጫ ይወጣል፤ 23 ይሞላል፣ እፎይ ይባላል። ወዲያው አክስት ትታወሳለች። መፍጫው ይመለሳል፣ የራስ ጫማ ይወጣል። የቀረው ዘዴ መልበስ ነው፤ በሐምሌ የዱባይ ሐሩር ሦስት ጃኬት ደርቦ ኤርፖርት የሚገባ ሰው ካያችሁ ሰላም በሉት፣ ያገር ልጅ ነው። በዚህ መሃል ስልክ ይጮሃል። የደወለው ሰው ደህና ነህ ወይ፣ ሙቀቱን ቻልከው ወይ ብሎ ጊዜ አያባክንም። «ኪሎ ይተርፍሃል?» ነው ሰላምታው።

አሥር ሰዓት ላይ ታክሲ ተይዞ ጁሜይራ ባሕር ዳር ይደረሳል። ጫማ ይወልቃል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አሸዋው በጥንቃቄ ይራገፋል። አሸዋም ኪሎ አለው።

መጫኑ አላስከፋኝም። እኛ ይፋቶች ከባሕር ጋር የተዋወቅነው በጭነት ነው። የይፋት ሱልጣኖች በነበሩበት በ14ኛው ክፍለ ዘመን ወደባችን ዘይላ ነበረች፤ ሲራራ ነጋዴው እዚያ የሚወርደው ግመሉን አራግፎ መልሶ ሊጭን ነው። ሚስቱ «ለምን ወረድክ?» ብትለው «ልዝናና» ብሎ አያላግጥባትም። ዛሬም የሸዋ ሮቢት ማሾ በምርት ገበያ ተሸጦ፣ ጅቡቲ ወርዶ ባሕር ይሻገራል፤ አንድ ቀን እንኳ እግሩን ዘርግቶ አላሳየንም።

በምር ዓለምን የዞረው ሞሮኳዊው ኢብን ባቱታ በዚያው ክፍለ ዘመን ዘይላ ደርሷል። ገበያዋን ትልቅ ነው አለ፤ ከተማዋን ግን በዓለም ላይ እንደ እሷ የቆሸሸና የሚገማ የለም ሲል ጻፈላት። ያስመረረው የዓሣውና በየመንገዱ የሚታረደው የግመል ደም ሽታ ነው። ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ ከተማ ገብቶ ከሚያድር መርከቡ ላይ ማደርን መረጠ። ምስኪን! ሽታ ፎቶ ላይ አይወጣም ብሎ የሚመክረው ሰው አጣ። የይፋቱ ሱልጣን ሰዓደዲንም የመጨረሻ ቀናቸውን ያሳለፉት እዚያው ዘይላ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የክርስቲያኑ ንጉሥ ጦር እያሳደደ መጥቶ ከወደቡ ፊት ባለች ደሴት ላይ ደረሰባቸው፤ ደሴቲቱ እስከ ዛሬ በስማቸው ትጠራለች። ዘና ያለች ቀን ግን አልነበረችም።

ባሕሩ ከዚያ ወዲህ እየቀረበም እየራቀም ኖረ። ጣልያን በወረራው ዘመን ከይፋት ቆላ በላይ ያለውን የጣርማ በር ተራራ በዋሻ የበሳው ከምጽዋና ከአሰብ ለሚመጣ መኪና ብሎ ነው። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ተለየች፣ በ1990 ጦርነቱ መጣ። ባሕሩ ሄደ፣ ዋሻው ቀረልን።

እንግዲህ በቀረው መሥራት ነው። ጣርማ በር ላይ የባሕር ዳርቻ ይቋቋም። ውኃ የለውም ብላችሁ አትሥጉ፤ ጧት ጉሙ ከገደሉ ሥር ተኝቶ የይፋትን ቆላ ሲሸፍነው ከላይ ላየው ነጭ ባሕር ነው፣ ማዕበሉ ሳይቀር። ወንበር ጠርዙ ላይ ይደረደራል፣ እግር ይዘረጋል። ብርዱ ለባዶ እግር ከበድ ይላል፤ ግን ሦስት ጃኬት ለደረበ ሰው ከዚህ የተሻለ ባሕር ዳር ከወዴት ይመጣል? ቡርጅ ኸሊፋ 828 ሜትር ነው፣ ሽቅብ ለመውጣት ትኬት ይቆረጣል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ትኬት ስለሌለው ሰው አውቶቡስ ውስጥ አፉን ከፍቶ ተኝቶ ያልፈዋል። ትኬት እናትምለታለን። ከደብረ ሲና ቆሎ ይወጣል፤ በብርጭቆ እንጂ በኪሎ ስለማይሸጥ የደንበኛውን ቁስል አይነካም። ጭላዳ ፎቶው ውስጥ ከገባ ደግሞ ከሥሩ «ዛንዚባር» ተብሎ ይጻፋል፤ ማን ዝንጀሮ ይለያል?

ሠራተኛ ከሩቅ አናመጣም። ባሕርን ከሁላችን አብልጠው የሚያውቁ ልጆች በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬ፣ በከሚሴ ሞልተዋል። ለደላላ ከፍለው በጅቡቲዋ ኦቦክ ዳርቻ ላይ ጀልባ ሲጠብቁ የዋሉ ናቸው፤ እነሱም እግራቸውን ወደ ውኃው ዘርግተው ነበር፣ ያነሳቸው ግን የለም። ከየመን በኩል የሚመለስበትንም መንገድ ያውቁታል። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ 2016 በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ሲመለሱ ጅቡቲ ዳርቻ ላይ ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰው አልቋል፤ ተሳፋሪው አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ሳውዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ የኛን ሰው ስትመልስ፣ ብዙዎቹ የመጨረሻ ቀናቸውን ያሳለፉት ማቆያ ውስጥ ነው። ሻንጣቸውን የሚመዝንላቸው አላስፈለጋቸውም፤ አልነበራቸውማ። ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የተመለሰችን ልጅ ባሕሩ እንዴት ነው ብትሏት፣ ከኤርፖርት ሲያመጧት በመኪና መስታወት እንዳየችው ትነግራችኋለች። ኩሽናው ወደዚያ አይከፈትም።

ለነዚህ ልጆች ዋና ሥራ አስቤላቸዋለሁ። በየሳምንቱ የሚወጣውን የእግር ፎቶ ሁሉ እየመረመሩ ከጎኑ ኪሎውን ይጻፉበት፤ ሻንጣው ስንት እንደነበር፣ ምን እንደወጣ፣ ስንት ሌሊት እንዳልተተኛ። ቆላው ውስጥ ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስልኩን የሚያገላብጠው ልጅ ያንን አያይም። እሱ የሚያየው የተዘረጋ እግር ነው፤ ባሕር ማዶ ሰው የሚዋለው እንዲህ ነው ብሎ የአባቱን በሬ ያሸጣል። ደላላው አንድም ቀን ለማስታወቂያ ከፍሎ አያውቅም። ምን በወጣው፣ እኛ በነጻ እየሠራንለት? የዱባዩ መንገደኛችን «ዕቃ ላመጣ ሄጄ፣ ተሸክሜ፣ ወገቤ ተቆርጦ መጣሁ» ቢል ምን ይጎድልበታል? ሁለቱ ልቦች ብቻ።

ደንበኞቻችን ከጀልባ ተመላሾቹ አጠገብ መቀመጥ ቅር እንዳይላቸው በመሃል መጋረጃ ይዘረጋል። ለወንበር የሚከፈለው ገና አልተቆረጠም። ቀጥሎ ወደ ጅዳ የሚሻገርና ኪሎ የሚተርፈው መንገደኛ ካለ ግን በነጻ ይቀመጣል፤ እዚያ ላሉት ልጆቻችን የሚላክ በርበሬና ሽሮ እናቶቻቸው ቋጥረው ሰው እየጠበቁ ነው። አራት ኪሎ ቢሆን ነው፣ ቢበዛ አምስት።