ዘንድሮስ አልሄድም ብዬ ነበር

ዘንድሮስ አልሄድም ብዬ ነበር። አምናም እንደዚሁ ብዬ ነበር። የለንደኑ ማኅበራችን ግን ነሐሴ በገባ ቁጥር ሰው ጭኖ ካልሄደ አይሆንለትም። "የበጋ ሽርሽር" ይሉታል። እኔ የማውቀው ነሐሴ ክረምት ነው፤ ስለዚህ ጋቢም ጃንጥላም ይዤ ወጣሁ። ተሳቀብኝ። ሬዲንግ ሳንደርስ ዝናቡ የአውቶቡሱን መስኮት ሲደበድበው ማን ልክ እንደነበረ ታወቀ፤ ይቅርታ የጠየቀኝ ግን የለም።

የጉዞ መከራ የሚጀምረው ከሰዓት ነው። ኮሚቴው "መነሻ 8 ሰዓት" ብሎ በስልክ ላከ፤ በፈረንጅ ይሁን በሐበሻ አልጻፈም። እኔ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቆሜያለሁ። ሁሉም ተሰብስቦ አንዲት እትዬ ጠፉ። ቢደወልላቸው፣ "ምነው፣ ገና ስድስት ሰዓት አለን አይደል እንዴ? ሽሮዬን ጥጃለሁ" አሉ። ሃምሳ ሰው አርባ ደቂቃ ሙሉ የእሳቸውን ሽሮ ጠበቀ። እኔም ገንዘብ ያዧን ጠርቼ፣ "በየጉዞው አንድ ሰው ሃምሳውን ያግታል። ይህ የሚቆመው በቅጣት ብቻ ነው፤ አምስት ፓውንድ!" አልኳት። "ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ጋሼ" ብላ ደብተሯ ላይ አሰፈረችው።

ሁለተኛው መከራ ምግቡ ነው። ጉዞው ፍልሰታ መሀል ላይ ነው የዋለው። ከፊት የተቀመጡት እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ናቸው። መሀል ላይ ያለነው ክኒን ባዶ ሆድ አይወሰድም ተብለን ሱፍ ፍትፍታችንን አንገታችንን ደፍተን የምንጎርስ ነን። ከኋላ ያሉት ወጣቶች ደግሞ ጾሙን የማያውቁ ወይም የማያውቁ የሚመስሉ ናቸው። የዶሮ ጥብስ ሽታ ከኋላ በመጣ ቁጥር የፊቶቹ ውዳሴ ማርያሙን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይደግሙታል። ባዝ እስክንደርስ ሦስት ጊዜ ተደገመ።

እንዲያው ለመሆኑ እነዚህ ጉዞዎች ምን አሳዩን? ካቻምና ኪው የሚባለው የዕፀዋት ስፍራ ወስደውን፣ በመስታወት ቤት ውስጥ የቡና ዛፍ አሳዩን። የጅማ ተወላጅ የሆነች እኅታችን ቅጠሉን ዳበስ አድርጋ፣ "ይሄን ለማየት ነው ከጓሮዬ የወጣሁት?" አለች። አምና ደግሞ ዊንዘር ሄድን። እዚያ አላጉረመረምኩም። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በ1879 ገና በ18 ዓመቱ አርፎ እዚያ ነው የተቀበረው። ዐፅሙ ይመለስ ቢባል፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ቤተ መንግሥቱ፣ የሌሎቹን ሳይነካኩ እሱን ማውጣት አይሆንም ብሎ መለሰ። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ዶሮ የበላም ውዳሴ ማርያም የደገመም አልነበረም።

ዘንድሮ ባዝ ነው። አስተርጓሚ ተብሎ የተመደበልን እዚሁ የተወለደ ጎረምሳ ማይኩን ይዞ፣ "ባዝ ማለት ገንዳ ማለት ነው። ጃንሆይ አራት ዓመት ገንዳ ውስጥ ኖረዋል" አለን። ማን ያርመዋል? እናቱ ከኋላ ታጨበጭባለች።

መጀመሪያ የሮማውያኑን ፍልውሃ ጎበኘን። ውኃው 46 ዲግሪ ይሞቃል፤ በየቀኑ ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ከመሬት ይፈልቃል። ጉልበታችንን ይዘን የመጣን ሽማግሌዎች ፎጣ ሁሉ ቋጥረናል። መታጠብ ክልክል! እጅ መንከርም ክልክል! ትኬት ቆርጠህ፣ ጆሮህ ላይ የሚለፈልፍ ነገር ለጥፈህ፣ በአረንጓዴው ውኃ ዙሪያ መዞር ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ ቢታጠቡበት አዲስ አበባ ተወለደች፤ ዙሪያውን እየዞሩ ብቻ ቢያዩት ኖሮ ዛሬም እንጦጦ ላይ ብርድ ሲመታን ነበር።

ከዚያ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን። ፊት ለፊቱ ላይ መላእክት በመሰላል ሲወጡና ሲወርዱ ተቀርጸዋል። "ክንፍ እያላቸው ምነው በመሰላል?" ብዬ ጠየቅሁ፤ አስተርጓሚው አልተረጎመውም። በሩ ላይ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል የልጅ ልጄ፣ "አባባ፣ እዚህ አይወለቅም" አለችኝ። ገብቼ ባይ ወለሉ የመቃብር ድንጋይ ነው፤ ወደ 900 ይጠጋል። በሙታን ላይ በጫማ! ስም ያልተጻፈበትን እየመረጥኩ ብዘል፣ ጋቢዬ ከኋላ ሲውለበለብ ያዩ ሁለት ቱሪስቶች ለዳንስ የተቀጠርኩ መስሏቸው ፎቶ አነሱኝ። ሀገር ልጎበኝ ሄጄ ተጎበኘሁ።

በመጨረሻ ፌርፊልድ ቤት ደረስን። ይኸኛው እንኳ የእኛ ነው። ጃንሆይ ጣሊያን ሀገራችንን ሲወር በ1928 ዓ.ም. ተሰድደው፣ ጄኔቫ ላይ አቤት ብለው፣ ሰሚ ሲያጡ የኖሩበት ነው። ዕጣ ፈንታ ስትቀልድ እዩልኝ፤ ከሮማ ሠራዊት የሸሹት ሰው ሮማውያን በቆረቆሩት ከተማ፣ በጣሊያን ፈሊጥ የተሠራ ቤት ገዝተው ገቡ! ገንዘብ አጥሯቸው የብር ዕቃቸውን እስከ መሸጥ ደረሱ። የሕይወት ታሪካቸውን መጻፍ የጀመሩትም እዚሁ ነው። ቤተሰባቸውንና ተከታዮቻቸውን ሁሉ ይዘው፣ በዚያ ብርድ፣ በጋ በሚሉት ክረምት ተቀመጡ። በ1932 ዓ.ም. ግን ሻንጣቸውን አንስተው ሄዱ፤ በዓመቱ አዲስ አበባ ገቡ።

እኔም "ለትንሽ ጊዜ" ብዬ ነበር የመጣሁት። ሠላሳ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሻንጣዬ አልጋ ሥር ነው፤ አሁን የክረምት ልብስ እናስቀምጥበታለን።

ይህን እያሰብኩ የቤቱን ደረጃ ቀና ብዬ ሳየው፣ ጉልበቴ "ጃንሆይን ከዚሁ ሆነህ እጅ ንሣ" አለኝ። ሌሎቹ ወደ ላይ ሲወጡ እኔ አትክልቱ ውስጥ አንድ ወንበር አገኘሁ። የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይ ወጣች። ጋቢዬን ተከናንቤ ለጸሎት ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ገንዘብ ያዧ ደብተሯን ይዛ ፊቴ ቆማለች። ከኋላዋ እትዬ ሽሮ ክንዳቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ።

"ጋሼ፣ አውቶቡሱ ላይ ተሳፍረን ሃምሳ ሰው ሲፈልግዎት ነበር። አርባ አምስት ደቂቃ።"

"የእኔ አርባ ነበር" አሉ እትዬ።

እኔ በቀላሉ እጅ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። "ስሚ ልጄ" አልኳት፤ "ጃንሆይ ይህን ቤት እ.ኤ.አ. በ1958 ለባዝ ከተማ ሲሰጡ፣ ለአረጋውያን መገልገያ ይሁን ብለው ነው። እናንተ ፎቶ አነሳችሁበት፤ እኔ አረጋዊው አረፍኩበት። ከሃምሳችን የንጉሡን ቃል የፈጸምኩት እኔ ብቻ ነኝ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?"

ትንሽ አሰበችና፣ "እውነትዎን ነው ጋሼ" አለች። ደስ አለኝ። "ጃንሆይ ይማሩዎታል። ለማኅበሩ ግን አምስት ፓውንድ።"

ከፈልኩ። ደረሰኝ ግን አስቆረጥኩ።