ከሽንሌ ወደ ባሕር፦ ስላልተካሄደ ዕረፍት የተካሄደ ጥናት

ሽንሌ ከድሬዳዋ በስተሰሜን የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ ያለች፣ የሲቲ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከባሕር የሚለያት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እሱም ቁልቁለት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች፣ ከዚህ የተለቀቀ ኳስ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ጅቡቲ መድረስ አለበት። ሰው ግን አይደርስም። በእርግጥ ለንግድ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶና የታመመ ዘመድ ለመጠየቅ የሚወርደው ብዙ ነው። ለመዝናናት ብቻ ወርዶ፣ አሸዋ ላይ ተጋድሞ፣ ያለ ምንም ጉዳይ የተመለሰ ሰው ግን ለናሙና የሚበቃ ቁጥር አልተገኘለትም። በአንጻሩ ለመሄድ ያቀደ በየቤቱ አለ። ይህ ጥናት ዕረፍቱን ትቶ ዕቅዱን የመረመረው በዚህ ምክንያት ነው።

ወሰኑን ከወዲሁ እንከልል። አገሩ ሁሉ ስለ ባሕር በር እየተነጋገረ ነው፤ እሱን የሚመለከታቸው ይጨነቁበት። እኛን የሚመለከተን ወንበር ነው፦ ውሃው ዳር የሚቀመጥ፣ ጥላ ያለው፣ የፕላስቲክ ወንበር።

የቀደሙ ጽሑፎችን ስናገላብጥ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አላገኘንም። ኢብን ባቱታ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘይላ ወደብ ደርሶ ነበር። ከተማዋ በዓሣ ሽታና በየመንገዱ በሚታረደው ግመል ደም ከርፍታበት፣ ባሕሩ ቢናወጥም መርከቡ ላይ ማደርን መረጠ። ስለ አካባቢያችን የባሕር ዳርቻ ማረፊያ ከተጻፉ ቀደምት የእንግዳ አስተያየቶች አንዱ ይህ ሲሆን፣ አንድም ኮከብ አልተሰጠበትም። ሪቻርድ በርተንም ከ500 ዓመት በኋላ እዚያው ዘይላ ሰነበተና ባሕሩን ትቶ ሽቅብ ተጓዘ፤ በጥር 1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ገባ። ባቡሩም ቢሆን ሥራው በ1897 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ከጅቡቲ ነው፤ በ1902 ሐረርን መውጣት አቅቶት ቆላው ላይ ሲቆም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ሁሉም ከባሕር ይሸሻል። ቁልቁል ከወረዱት መካከል ስመ ጥሩ መንገደኛ ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በባቡር ጅቡቲ ሲደርሱ የጠበቃቸው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ስለነበር ግን ጉዞውን እንደ ዕረፍት ለመመዝገብ አልደፈርንም።

የመስክ ሥራው በጫት በርጫ ላይ ተካሄደ። ከቀትር በኋላ ነው፤ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ትራስ ይስተካከላል፣ ፔርሙዝ ይቀርባል። መጀመሪያ ሐራራ አለ። በዚህ ሰዓት ስለ ባሕር መጠየቅ ለአጥኚው ደኅንነት አይመከርም። የመጀመሪያው ዙር ጉንጭ ሲሞላ የዶላር ወሬ ይነሳል፣ የኳስ ወሬ ይከተላል፣ ያልመጣው ሰው ይታማል። ምርቃናው ገባ ሲል አንዱ፣ ብዙውን ጊዜ መምህር ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አቦ፣ ሦስት ቀን ጅቡቲ ወርደን ተንፈስ ብለን ብንመጣስ?» ይላል።

ከዚህ በኋላ የሚታየውን ቅልጥፍና የትኛውም መሥሪያ ቤት አይቶት አያውቅም። ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ በአንድ አፍ ይመረጣሉ። የሲጋራ ፓኮ ይቀደድና ነጩ ገጽ ላይ ካርታ ይሳላል። ባየነው ስብሰባ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ በክብሪት እንጨት ተከቦ፣ ሙሻ ደሴት በአንዲት የለውዝ ፍሬ ተወከለች። በውይይቱ መሐል ደሴቲቱ በስሕተት ተበላች፤ ጉባኤው ጉዞውን ሳያቋርጥ ሌላ ለውዝ ተካ።

«ምሳስ የት ነው?»

«የመኖቹ ጋ ነዋ! ዓሣውን ለሁለት ከፍተው ምድጃው ውስጥ ይለጥፉልሃል። ወላሂ፣ ቂጣው ብቻ ጋቢ ያክላል።»

«ጫትስ እዚያ አለ?»

ይህን የጠየቀው ልጅ ተሳቀበት። ጫቱ ከዚሁ ከኛ አገር በየቀኑ እንደሚሄድ ማን ያጣዋል?

ምሽት ላይ ምርቃናው ሲከዳ ድብርቱ ይመጣል፤ ማንም ማንንም አያይም። ገራባው ሲጠረግ ካርታው አብሮ ይወጣል። ሊቀመንበሩ የባጃጅ ሒሳብ ከገንዘብ ያዡ ይበደራል፤ ይህም የማኅበሩ የመጀመሪያና የመጨረሻ የገንዘብ እንቅስቃሴ ሆኖ ይመዘገባል።

ዕቅዱ የማይፈጸመው በምርቃና ስለታቀደ ነው የሚሉ አሉ። መረጃው ይህን አይደግፍም። ጨርሶ የማይቅሙ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው በጠዋት ያቀዱ የመንግሥት ሠራተኞችም አልሄዱም። ገንዘብ አንዱ ምክንያት ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር በ177.721 ተቸንክሮ ቆሟል፤ ብራችን ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ተለቋል። ስለዚህ በሰኔ የተሠራ በጀት በነሐሴ ታሪካዊ ሰነድ ነው። በዚያ ላይ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ጦር በሰፈሩባት ከተማ፣ ከባለአበል መኮንን ጋር የሆቴል አልጋ መሻማት ለወረዳ ደመወዝተኛ ከባድ ነው።

ዋናው እንቅፋት ግን ገንዘብ አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያው ነው። የኛ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጅቡቲ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ካምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋ እያዘለ ይነፍሳል፣ የባሕሩ ውሃም ሻይ ሊያፈላ ጥቂት የቀረው ይመስላል። ታዲያ የጅቡቲ ሰው ምን ያደርጋል? አቅም ያለው ቤተሰቡን ጭኖ ሽቅብ ይወጣል፤ ለዕረፍት ድሬዳዋ ይመጣል፣ ሐረር ይወጣል። የሽንሌው መምህር ስለ ጅቡቲ ነፋሻ አየር በሚሰብክበት በዚያው ሰዓት፣ የጅቡቲው ባለሥልጣን በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ «አልሐምዱሊላህ፣ አየር አገኘን» እያለ ነው። ኅዳር ገብቶ ባሕሩ ሲለዝብ፣ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ሲታይ፣ የጅቡቲው ሰው ወደ ቤቱ ተመልሷል፤ የኛ መምህር ደግሞ የፈተና ወረቀት እያረመ ነው።

የጅጅጋዎቹ ዕቅድ አውጪዎች ይህ እንደማይመለከታቸው ይከራከራሉ፤ እነሱ በቶጎ ውጫሌ በኩል አድርገው ሐርጌሳን አልፈው በርበራ ነው የሚያቅዱት። በርበራም በዚያው በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ነዋሪዋ ወደ ደጋ የሚሸሽባት ከተማ ናት። ክርክሩን ዘግተነዋል።

ጥናቱ ካገኛቸው ነገሮች ሁሉ አጥኚውን ያስደነቀው ግን አንዲት እናት በጨዋታ መሐል የጣሉት ቃል ነው። ባለቤታቸው ስለ ሙሻ ደሴት ንጹሕ ውሃ ሲያወሩ ሰምተው፣ «መጀመሪያ የቤቱን በርሜል ሙላ፤ ከዚያ ባሕርህ ትሄዳለህ» አሉ። አስተያየቱን ተከትለን ስንመረምር፣ በዚሁ በሲቲ ዞን፣ በአዲጋላ በኩል ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውሃ በቧንቧ ድንበር ተሻግሮ ጅቡቲ እንደሚገባ አረጋገጥን። መብራቱም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከድሬዳዋ በተዘረጋ መስመር ይሄዳል። ጫቱማ ተነግሯል። የኢሳ አርብቶ አደርም ሊቀመንበር ሳይመርጥ ከነግመሉ ይሻገራል፤ የሚተዳደርበት ሔር ኢሳ ራሱ በ2024 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ የጋራ ቅርስነት ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ውሃው ወርዷል፣ መብራቱ ወርዷል፣ ቅጠሉ ወርዷል፣ ግመሉ ወርዷል። ያልወረደው ዕቅድ ያወጣው ሰው ብቻ ነው። እሱን የሚያካክሰው ሽቅብ የሚመጣው ነገር ነው፦ የድሬዳዋው የታይዋን ገበያ ሽቶ፣ ሽርጥና ብስኩት የለበሰውንና የበላውን ሰው ግማሽ ጅቡቲ ደርሶ መልስ ሊያሰኘው ይችላል። ባሕሩ ራሱ በየኬላው እየተፈተሸ ይመጣለታል ማለት ነው።

የምክረ ሐሳቡ ክፍል አጭር ነው። መሄድ ለቆረጠ አንባቢ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይሂድ፤ ፓስፖርቱን አስቀድሞ ያስተካክል፤ የጅቡቲውን አሰል ሐይቅ ካየም ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር መውረዱን አይርሳ፣ ለሽንሌ ሰው ከዚያ በታች ዕቅድ የለም። የግድ በነሐሴ ነው ያለ ደግሞ አልጋ በመፈለግ አይድከም፤ ጅቡቲ ያለው ዘመዱ ቤት በዚያን ጊዜ ባዶ ነው። ቁልፉን ድሬዳዋ ከዚራ ላይ ከባለቤቱ እጅ ተቀብሎ ይውረድ።