ድምፅ የማያወጣ ሬዲዮ አሠራር፦ ለሮቤና ለጎባ ጀማሪዎች

ሬዲዮ በገዛ እጁ ሠርቶ ዝም ማሰኘት የሚፈልግ ጀማሪ ብዙ መልፋት የለበትም። ዕቃዎቹን አሳስቶ መምረጥ ብቻ ይበቃዋል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ምክሮች ለዚሁ የተዘጋጁ ናቸው፤ ሬዲዮው እንዲሠራለት የሚፈልግ ሰው ግን እያንዳንዱን ገልብጦ ይያዝ። ከምክሮቹ ሥር የተጻፉት ምክንያቶች እንዳሉ የሚወሰዱ ናቸው።

ጉዳዩ ቁም ነገር አለው። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያሉ የባሌ ከተሞች ናቸው። ከጎባ በስተደቡብ የሰነቴ አምባ ወደ 4,000 ሜትር ይወጣል፤ በላዩ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ብርዱ፣ ስሱ አየርና ተራራው እያንዳንዳቸው በሬዲዮ ዕቃ ምርጫ ላይ ድርሻ አላቸው። ደግሞም የመጀመሪያ ሥራው አልሰማ ያለው ወጣት ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል፤ ሙያውንም ይተዋል። ጥፋቱ ግን የአንዲት ዳዮድ ሊሆን ይችላል።

አንደኛ፦ ከማሰራጫው ይጀምር።

መቀበያ ሳይኖረው ማሰራጫ የሠራ ሰው የላከው ሞገድ የት እንደወደቀ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። መቀበያ ግን ስህተትን ወዲያው ይናገራል፤ ማንንም አይረብሽም። ከሁሉ ቀላሉ መቀበያ ከአንቴናና ከመሬት ሽቦ ሌላ አራት ነገር ብቻ ይፈልጋል፦ ኮይል፣ ቫሪያብል ካፓሲተር፣ ዳዮድና የጆሮ ማዳመጫ። ባትሪ እንኳ የለውም፤ የሚሠራው ረጅም አንቴና ከአየር በሚለቅመው ጉልበት ነው። በ1936 ዓ.ም. በጣሊያን የአንዚዮ ግንባር የነበሩ ወታደሮች በዳዮድ ፋንታ ምላጭና እርሳስ ተጠቅመው ሬዲዮ አዳምጠዋል። ስለዚህ ሬዲዮን ዝም የሚያሰኘው የዕቃው ርካሽነት አይደለም፤ አለመጣጣሙ ነው።

ሁለተኛ፦ ዳዮድ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ይግዛ።

ከተበላሸ ቻርጀር ላይ የሚነቀለው 1ኤን4007 የተባለው ጥቁር ዳዮድ ከሲሊከን የተሠራ ነው። ወደ 0.6 ቮልት እስኪደርስ ድረስ በቅጡ አያሳልፍም፤ ባትሪ በሌለው መቀበያ ውስጥ ያለው ምልክት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። እንደ 1ኤን34ኤ ያሉ የጀርማኒየም ዳዮዶች ከ0.2 እስከ 0.3 ቮልት ላይ ማሳለፍ ይጀምራሉ። ስሙ የተፋቀ ዳዮድ የገጠመው ጀማሪ ተስተሩን በዳዮድ መለኪያው ላይ አድርጎ ሁለቱን ጫፎች ይንካ። 0.6 አካባቢ ቁጥር ከታየ ሲሊከን ነው። 0.2 ወይም 0.3 ከታየ ጀርማኒየም ወይም ሾትኪ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ትንሽ የምልክት ዳዮድ ከሆነ ይሞከር።

ሦስተኛ፦ ኮይሉን ከአንዱ ሬዲዮ፣ ካፓሲተሩን ከሌላው ይንቀል።

ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ኮይልና ካፓሲተር ጣቢያ የሚመርጡት ተጣምረው ስለሆነ አንዱ ሲለወጥ ሌላውም መለወጥ አለበት። ዲያሜትሩ 5 ሳንቲሜትር በሆነ የፕላስቲክ ቱቦ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ 80 ጊዜ ሲጠመጠም ወደ 250 ማይክሮሄንሪ ይሰጣል። ይህ ኮይል ከድሮዎቹ ትልልቅ ባለ 365 ፒኮፋራድ ካፓሲተሮች ጋር ሲጣመር ከ530 ኪሎኸርዝ ገደማ ጀምሮ ያሉትን የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች ይይዛል። የኪስ ሬዲዮ ካፓሲተር ግን ብዙውን ጊዜ 150 ፒኮፋራድ ገደማ ብቻ ነው። በዚያው ኮይል ላይ ሲገጠም ከ800 ኪሎኸርዝ በታች ያሉት ጣቢያዎች ሁሉ ያመልጣሉ። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ለብዙ ዓመት የተሰማበት 873 ኪሎኸርዝ የሚተርፈው በጥቂት ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከጥገና ቤት የወደቀ ሬዲዮ ሲገኝ ካፓሲተሩንና ጥቁሩን የፌራይት ዘንግ ከነጥምጥሙ አንድ ላይ ማውጣት ነው፤ ፋብሪካው አስቀድሞ አጣጥሟቸዋል። ሽቦው ላይ ያለው ቀጭን ቀለም ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ፣ ከመበየዱ በፊት ጫፉ መዳቡ እስኪያበራ ድረስ በምላጭ ይፋቅ። ያልተፋቀ ጫፍ ላይ ሶልደሩ ተድቦልቡሎ ይቀመጣል፤ ለዓይን የተያያዘ ይመስላል፤ ተስተር ሲነካው ግን የተቆረጠ ነው።

አራተኛ፦ የስልኩን ማዳመጫ ይሰካ።

የስልክ ማዳመጫ 16 ወይም 32 ኦም ነው። ባትሪ የሌለው መቀበያ እንዲህ ያለውን ጭነት አይችልም። የሚስማማው ክሪስታል የሚባለው በብዙ ሺህ ኦም የሚለካ ማዳመጫ ነው። ካልተገኘ ኤልኤም386 የተባለው ባለ 8 እግር አይሲ ከ4 ቮልት ጀምሮ ስለሚሠራ፣ በጥቂት የባትሪ ድንጋይ ድምፁን ለስልክ ማዳመጫ ያበቃዋል።

አምስተኛ፦ ለማሰራጫው ትልቁን ትራንዚስተር ይምረጥ።

2ኤን3055 የተባለው ብረት ለበስ ትራንዚስተር በድምፅ ማጉያና በኃይል መስጫ ውስጥ የታወቀ ጉልበተኛ ነው። ለሬዲዮ ሞገድ ግን አዝጋሚ ነው፤ ከ2 ወይም 3 ሜጋኸርዝ በላይ ማጉላት ያቅተዋል። ጀማሪ የሬዲዮ አማተሮች ከሚወዷቸው የሞገድ መስኮች አንዱ ደግሞ በ7 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። በዚያ ላይ ጥፍር የምታክለው 2ኤን2222 ትበልጠዋለች። በዓለም ዙሪያ ጀማሪዎች የሚገጣጥሟት ፒክሲ የተባለች ማሰራጫና መቀበያ፣ በትንንሽ ትራንዚስተሮችና በኤልኤም386 አንድ ዋት በማይሞላ ኃይል በ7.023 ሜጋኸርዝ ትሠራለች፤ በሞርስ ኮድ ብዙ መቶ ኪሎሜትር ተሰምታለች። ሮቤ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ስለሚያንስ ስሱ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም። ስለዚህ ትንሿ ትራንዚስተርም ብትሆን ማቀዝቀዣ ብረት ይደረግላት።

ስድስተኛ፦ ክሪስታሉንና ማጣሪያውን ይዝለል።

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ሞገዱን የሚያጸናው የኳርትዝ ክሪስታል የሌለው ቀላል ማሰራጫ በእጅ መጠጋት፣ በባትሪ መድከምና በብርድ ከቦታው ይንሸራተታል። በባሌ ደጋ የሌሊቱ ውርጭና የቀኑ ፀሐይ ሲፈራረቁ ደግሞ ይብስበታል። ሞገድ በሚወስነው ክፍል ውስጥ ርካሹ የሴራሚክ ካፓሲተር ከሙቀቱ ጋር አብሮ ይለዋወጣል፤ ኤንፒዜሮ የሚባለው ዓይነት ግን ይጸናል። ማጣሪያ ከሌለ ደግሞ በ7.023 ላይ የተላከው በ14.046ና በ21.069 ሜጋኸርዝም ይወጣል።

ባለ አንድ ትራንዚስተሩ የኤፍኤም ማሰራጫ አደጋው ይበልጣል። ኤፍኤም በ108 ሜጋኸርዝ ያበቃል፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የአውሮፕላኖች መስመር ነው፤ አብራሪና መቆጣጠሪያ የሚነጋገሩትም ከ118 ሜጋኸርዝ ጀምሮ ነው። ሮቤ የአውሮፕላን ማረፊያ ያላት ከተማ ናት። በዚያ አካባቢ የሚንሸራተት ማሰራጫ የሰው ሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ማንም አይሞክረው።

ሰባተኛ፦ ከስልክ ቻርጀር ኃይል ይሳብ፤ አንቴናውንም መብራት ምሰሶ ላይ ይስቀል።

ርካሽ ቻርጀር በውስጡ በፍጥነት ስለሚቆራርጥ መቀበያውን በጉርምርምታ ይሞላዋል። ስድስት ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች በተከታታይ 9 ቮልት ይሰጣሉ፤ ከአራት ማዕዘኗ ባለ 9 ቮልት ባትሪም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ። አንቴና በመብራት ሽቦ አጠገብ መዘርጋት ሰው ይገድላል። መብረቅ ሲያጉረመርም ደግሞ አንቴናው አስቀድሞ ተነቅሎ መቆየት አለበት።

ለ7.023 ሜጋኸርዝ በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል የሚዘረጋ፣ ከመካከሉ የተከፈለ የ20 ሜትር ሽቦ ይበቃል። ብዙ ከፍ ማለትም አያስፈልገውም። ከጎባ ከሰነቴ ማዶ ወዳለችው ደሎ መና በኤፍኤም ዓይነት ሞገድ መነጋገር የፈለገን ሰው ሰነቴ ይጋርደዋል። ዝቅ ብሎ የተዘረጋ የ7 ሜጋኸርዝ አንቴና ግን ሞገዱን ወደ ላይ ይልካል፤ ቀን ላይ አብዛኛውን ጊዜ አዮኖስፌር የተባለው የላይኛው የአየር ንብርብር መልሶ ከተራራው ማዶ ያወርደዋል። ለባሌ የሚሆነው መስክ ይህ ነው።

ስምንተኛ፦ ፈቃድ ሳያወጣ ያሰራጭ።

በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀምን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለማዳመጥ መቀበያ ይበቃል፤ ለማሰራጨት ግን ፈቃድ ይቀድማል። በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አምስት ኪሎ የሚገኘው ኢቲ3ኤኤ የተባለው የክበብ ጣቢያ ተማሪዎች በሕጋዊ ጥሪ ስም ከዓለም ጋር የሚነጋገሩበት ነው። በሮቤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የሮቤና የጎባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ክበባትም ይህን መንገድ ይመልከቱ። ከወደቀ ሬዲዮ የወጣ አንድ ካፓሲተር ከነኮይሉ፣ አንድ ትክክለኛ ዳዮድና አንድ ማዳመጫ ለተማሪዎቹ ይስጡ፤ መቀበያው ከተሰማ በኋላ ማሰራጫውን በፈቃድ ያስቀጥሉ።