ድህነትዎን በሥርዓት ይያዙ

ወገኔ፣ ሴፍቲኔት ለመግባት ማሰብዎ መልካም ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት ዓመት በመጣ ቁጥር እህል ለሚያጥረው የገጠር ቤተሰብ የታሰበ ነው። እርስዎንም ያጥርዎታል። ስለዚህ ብቁ ነዎት፤ የሚቀረው ብቁነትዎ እንዲታወቅ ማድረግ ብቻ ነው። ቀስ ብለን አብረን እንሂድ።

1. ቤትዎን ያሰናዱ። ጣራዎ ቆርቆሮ ከሆነ ልጅዎ አረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ የላከችው መሆኑን ማስረዳት ይኖርብዎታል። ማስረዳት ደግሞ አድካሚ ነው፤ ሣር ይሻላል። ዶሮዎችዎን ጎረቤት ዘንድ በአደራ ያኑሩ። ጎረቤትዎም ተመዝጋቢ ከሆኑ ተራ ይግቡ። በሬ ካለዎት ይሽጡት። ፕሮግራሙ ገበሬ በክፉ ቀን በሬውን እንዳይሸጥ የሚረዳ ስለሆነ፣ በሬ ይዞ መቅረብ ያስተዛዝባል።

2. ረሃብዎን ይመዝግቡ። መስፈርቱ ላለፉት 3 ዓመታት፣ በየዓመቱ 3 ወርና ከዚያ በላይ ምግብ የጎደለበትን ቤት ይመለከታል። መራብ የጀመሩት ዘንድሮ ከሆነ አይቸኩሉ፤ ልምድ ያካብቱ። ድንገት ንብረቱን ያጣ ሰውም ሊታይለት ይችላል። ድንገተኛውን ነገር ግን ዝርዝሩ ከመዘጋቱ በፊት ያድርጉት።

3. ቀበሌ ይሂዱ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ ይመለሱ። ነገም ስብሰባ ላይ ከሆኑ ደስ ይበልዎ፤ የሚሰበሰቡት ስለ እርስዎ ነው። ማኅተሙ ሊቀ መንበሩ ኪስ ውስጥ ነው፤ ሊቀ መንበሩ ለቅሶ ሄደዋል። ይከተሏቸው። ሟቹን ባያውቋቸውም ከልብዎ ያልቅሱ።

4. በሰው ፊት ይደኸዩ። ሀብታሙን፣ መካከለኛውንና ድሃውን የሚለየው ማኅበረሰቡ ራሱ ነው፤ በስብሰባ። ስለ ችግርዎ ሲናገሩ ድምፅዎን ዝቅ፣ ሐሳብዎን ግልጽ ያድርጉ። ባለፈው የተቀያየሙት ሰው እጁን አውጥቶ «እሱ ምን ጎደለው?» ቢል አይቆጡ፤ ይህ አሳታፊነት ይባላል። ድሃው ለቀበሌዎ ከተሰጠው ኮታ ቢበዛም አይክፋዎ። ኮታው የመጣው ከላይ ነው፤ እርስዎ የመጡት ከታች ነው።

5. ልጆችዎን ይምረጡ። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ወይም ተመጣጣኙ ብር ይታሰባል። መርሁ መላው ቤተሰብ እንዲቆጠር ይፈልጋል፤ ኮታው ግን አንዳንዴ አይፈልግም። ከሰባት ሰው አራቱ ብቻ ቢመዘገቡ ማታ ገበታው ላይ ዝርዝሩን አያንብቡ። የተመዘገቡት ላልተመዘገቡት ያካፍሉ። ልጆች መተሳሰብን የሚማሩት እንዲህ ነው።

6. ጉልበትዎን ያሳዩ። ለእያንዳንዱ የተመዘገበ ሰው በወር 5 ቀን ይሠራል፦ እርከን፣ መንገድ፣ ኩሬ። ድካምዎ ለምዝገባው፣ ብርታትዎ ለእርከኑ ነውና እንዳይምታታብዎ። ጉልበት የሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። እርስዎም መራመድ ካልቻሉ ቀበሌ ድረስ መጥተው ያስረዱ። ከተማ የገባ ልጅ ካለዎት ጧሪ እንዳለዎት ይቆጠራል። ልጁ ራሱ የሚበላው አለው ወይ የሚል ሣጥን ቅጹ ላይ ስለሌለ ጊዜዎን አያባክኑበት።

7. ክፍያውን ይጠብቁ። ሥራው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ነው። የየካቲቱ ክፍያ ሚያዝያ ላይ ቢመጣ «ዘገየ» አይበሉ። ሲስተም የለም፣ ወይም ገንዘብ ያዡ የሉም፣ ወይም ዝርዝሩ ወረዳ ላይ እየተጣራ ነው። ይህን ለልጆችዎ በእርጋታ ያስረዷቸው። እስከዚያ ከነጋዴው በዱቤ ይውሰዱ። ብሩ ሲመጣ ሳይቆጥሩ ለነጋዴው ያስረክቡ፤ እሱ ቆጥሮታል።

8. ቅሬታ ካለዎት ያቅርቡ። ለዚህ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። ኮሚቴው ዝርዝሩን ካወጡት ሰዎች የተለየ መሆን አለበት። በቀበሌዎ መጻፍ የሚችለው ሰው ጥቂት ከሆነ ግን የሚያውቁት ፊት ቢያዩ አይደነቁ። ትናንት የሰረዙዎት ሰው ዛሬ ለምን እንደተሰረዙ በትሕትና ይጠይቁዎታል። በትሕትና ይመልሱላቸው። በቀበሌዎ ሦስተኛ ኮሚቴ የለም።

9. ይመረቁ። ያለ ድጋፍ 12 ወር መብላት የቻለ ቤተሰብ ከፕሮግራሙ ይመረቃል። ወረዳው ዘንድሮ ብዙ ተመራቂ ካስፈለገው እርስዎም መቻልዎን በዚያው ሰሞን ይሰማሉ። አይከራከሩ። ንጹሕ ልብስ ለብሰው ይገኙ፤ ጎረቤት ያለውን አደራ መልሰው ዶሮዎቹን ፎቶው ውስጥ ያስገቡ። በዓመቱ ዝናብ ቢቀርና ቢርብዎ ለማንም አይንገሩ። ራስዎን የቻሉ መሆንዎ በሪፖርት ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ክልል ደርሷል። የጻፈውም የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የሰው ልጅ ነው፤ ደመወዙን ጠብቆ የሚያድር ነው። በእርስዎ ረሃብ ምክንያት ከአለቆቹ ፊት አያሳፍሩት።