ትኩሳቱ ሁሉ የሰይጣን ሆነብን

ካማሺ ላይ ክረምቱ ሲወጣ ወባ ቤት ለቤት እንደምትዞር የማያውቅ የለም። አገሩ ቆላ ነው፤ የዴዴሳና የዓባይ ሸለቆ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ታዲያ ልጅ በትኩሳት ነዶ፣ ዓይኑ ተገልብጦ መንዘፍዘፍ ሲጀምር «ወባ ይሆናል» የሚል ሰው ይጠፋል። አንዱ ጋኔን ነው ይላል፣ አንዱ ቡዳ፣ ሌላው ጂኒ። አዛውንቱ መንፈስ ተቆጥቷልና አዋቂ ይጠራ ይላሉ፤ ጸሎተኛው የልጁን ራስ ይዞ «ውጣ!» እያለ ይጮኻል። በስንቱ ነገር የማንስማማ ሰዎች እዚህ ላይ ስንደርስ አንድ ቃል እንሆናለን። ሰለቸኝ፤ በእውነት ሰለቸኝ።

ልጁን የሚያንዘፈዝፈው ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተሕዋስ ነው፤ አንጎል ላይ ሲበረታ እንዲያ ያደርጋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን የወባን ተሕዋስ አልጄሪያ ውስጥ በታማሚ ወታደር ደም ላይ በአጉሊ መነጽር ያየው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። ዛሬ ከጣት አንድ ጠብታ ደም ተወስዶ በሩብ ሰዓት ገደማ ይለያል።

የሚጥል በሽታ ያለበትማ መከራው የባሰ ነው። ወድቆ ሲንፈራገጥ ክብሪት ለኩሰው ያሸትቱታል፤ እሳት ላይ ቢወድቅ እንኳ ለሃጩ እንዳይነካቸው የሚሸሹ አሉ። በሂፖክራተስ ስም የሚታወቀው የግሪኮች ጽሑፍ ይህ በሽታ እንደ ማንኛውም በሽታ የተፈጥሮ ምክንያት እንዳለው ካስረዳ 2,400 ዓመት ገደማ ሆነው። ፌኖባርቢታል የሚባለው ርካሽ ክኒንም እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ አለ። ስንት ወጣት ትምህርቱን ትቶ፣ ትዳር ተነፍጎ ቤት ውስጥ ተደብቋል!

የጥንቶቹን አልወቅስም። መስጴጦምያ ውስጥ ላማሽቱ የምትባል ጋኔን ነፍሰ ጡር ታስጨንቃለች፣ ጨቅላ ትነጥቃለች ብለው ይፈሩ ነበር። በእኛ ክታቦች ላይ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ የሚወጋት ውርዝልያም ሥራዋ ያው ነው። ጨቅላ በጨቅላ ላይ ሲሞትባት፣ ምክንያቱን የሚነግራት ያጣች እናት ምን ትበል? እኛ ግን ሾተላይ የምንለው ከእናትና ከፅንስ የደም ዓይነት አለመጣጣም እንደሚመጣ፣ መከላከያ መርፌውም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንዳለ የተነገረን ሰዎች ነን። እንዲያም ሆኖ እዚሁ አካባቢያችን የወሊድ ደም ቤት ውስጥ ከፈሰሰ መቅሠፍት ያመጣል ተብሎ ብቻዋን ጫካ ገብታ የምትወልድ የጉሙዝ እናት ዛሬም አለች። ደም ቢፈሳት ማን ይደርስላታል?

ጸሎቱን ማንም አልከለከለም። ልጁ እየታከመ ይጸለይለት። የሚያንገበግበኝ ሰዓቱ ነው። ሌሊቱ በአዋቂው ደጅ ያልቅና፣ በማግስቱ ልጁ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ራሱን ስቷል። ሐኪሙ ይሯሯጣል፣ መርፌ ይወጋል፤ ልጁ ያልፋል። ለቅሶ ቤት ደግሞ «መርፌው ነው የገደለው» ይባላል፤ ይህን የሰማች ጎረቤት የራሷ ልጅ ሲያተኩሰው ጤና ጣቢያ ለመሄድ ትፈራለች።